ሆዴ ላይ ሥር ተገተረ፤ ጉበቴ ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጉበቱን የታመመ ሰው ልብስ ሲቀይር ወይ ሲታጠብ ሆዱ ላይ የተጋደሙ ሥሮችን ያይና ይደነግጣል። ቤተሰብም አብሮ ይደነግጣል። አንዱ "ብርድ ነው" ይላል፣ ሌላው "ይበጣ" ይላል፣ ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳና ለዘመድ ይልካል። እዚህ ጎንደር ከአራዳ እስከ አዘዞ፣ ከደንቢያና ከመተማም ጭምር ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን ሰብስቤ መልስ ጽፌበታለሁ። ዋናውን ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፦ ሆድ ላይ የምታዩት ሥር ራሱ እምብዛም አይገድልም። የሚገድለው የማታዩት፣ ደረት ውስጥ የምግብ ቧንቧ ላይ ያበጠው ነው። ሆድ ላይ ያለው "ሂድና እሱን አስመርምር" እያላችሁ ነው።

ይህ ሥር ከየት መጣ? ድሮ አልነበረም እኮ!

ነበረ፤ ቀጭን ስለሆነ ነው ያላያችሁት። ከአንጀት፣ ከጨጓራና ከጣፊያ የሚመጣው ደም ወደ ልብ ከመሄዱ በፊት መጀመሪያ በጉበት ያልፋል። ይህን ደም ወደ ጉበት የሚያስገባው ትልቅ ሥር ፖርታል ቬን ይባላል፤ ጉበት ከሚያገኘው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉ በዚህ በኩል ነው የሚገባው። ጉበት ጠባሳ ሞልቶት ሲደነድን ደሙ እንደ ልብ ማለፍ ያቅተዋል። ከኋላ ደም ይገፋል፣ ከፊት መንገድ የለም። ለጥምቀት ዋናው መንገድ ሲዘጋ የጎንደር ባጃጅ ምን ያደርጋል? ውስጥ ለውስጥ፣ በማታውቁት ሰፈር እየተሹለከለከ ያወጣችኋል። ደሙም እንደዚያው ነው፤ ጉበትን ዞሮ ወደ ልብ የሚደርስበትን ቀጭን ሥር ሁሉ እየፈለገ ያሰፋዋል።

ከእነዚህ መሹለኪያዎች አንዱ በእምብርት በኩል ነው። ጽንስ ሳለን ከእናታችን ደም ያመጣልን የነበረው ሥር ከተወለድን በኋላ ይዘጋና ከእምብርት እስከ ጉበት የተዘረጋ ጅማት ሆኖ ይቀራል። በዚያ ጅማት ዙሪያ ያሉት ቀጫጭን ሥሮች ግፊቱ ሲበዛ ይከፈታሉ፤ ደሙን ከጉበት ወደ እምብርት ያመጡታል፣ ከእምብርት ዙሪያ ደግሞ በቆዳ ሥር ወደየአቅጣጫው ይበተናል። ሐኪሞች ካርድ ላይ "ካፑት ሜዱሳ" ብለው የሚጽፉት ይህንኑ ነው። መጽሐፍ ላይ እንደተሳለው ዙሪያውን ተሟልቶ የሚወጣበት ሰው ግን ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው አንድ ሁለት ሥር ብቻ ነው።

"ጉበትሽ ላይ ግፊት አለ" አሉኝ። ክንዴ ላይ ሲለካ ግን 120 በ80 ነው

ሁለቱ አይገናኙም። ክንድ ላይ የሚለካው ልብ ደም ሲረጭ ያለው ግፊት ነው። የጉበቱ ደግሞ ፖርታል ቬን ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ በጤነኛ ሰው ላይ በጣም ትንሽ ነው። ከጉበት በፊትና በኋላ ያለው የግፊት ልዩነት ጤነኛ ላይ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከ5 ካለፈ "ግፊት አለ" ይባላል፣ 10 ከደረሰ ጣጣው ይጀምራል፣ 12 ሲደርስ ደግሞ የመድማት ስጋት ይመጣል። በቀጥታ ለመለካት በአንገት ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ እስከ ጉበት መድረስ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በየቦታው አይሠራም። ሐኪሙ በሌላ ምልክት ይገምተዋል፦ በትልቅ ጣፊያ፣ በቀነሰ ፕላትሌት (ደምን የሚያረጋው ሴል)፣ ሆድ ውስጥ ባለ ውሃ፣ በአልትራሳውንድ በታየ የሰፋ ፖርታል ቬን፣ እና አንቺን ባስደነገጠሽ የሆድ ሥር።

"ግፊት" የሚል ቃል ስለሰማሽ ብለሽ ግን የጎረቤትን የግፊት ኪኒን እንዳትውጪ።

ሆዱ ላይ ሥር የሚታይበት ሰው ሁሉ ጉበቱ ታሟል ማለት ነው?

አይደለም። ቀጭን ሰው፣ ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው፣ ነፍሰ ጡር ሴት ሆዳቸው ላይ ሥር ሊታይ ይችላል። ቀጥ ያለ፣ ያልተጠማዘዘ፣ ቆዳውን ከፍ ያላደረገ ሰማያዊ መስመር ብቻ ከሆነና ሌላ ምልክት ከሌለ አትጨነቁ። የሚያሳስበው ያበጠ፣ የተጠማዘዘ፣ በጣት ሲዳሰስ የሚታወቅ፣ ባለፉት ወራት እየጨመረ የመጣ ሥር ነው። በተለይ ደግሞ ሆድ እያበጠ፣ እግር እያበጠ፣ ዓይን ቢጫ እየሆነ ከሆነ፣ ወይም ደረትና ትከሻ ላይ ትንንሽ ቀያይ የሸረሪት ቅርጽ ያላቸው ሥሮች ከወጡ።

ሌላም አለ። ሥር ያበጠው በጉበት ሳይሆን ደምን ወደ ልብ የሚመልሱት ሁለቱ ትልልቅ ሥሮች ከላይ ወይም ከታች ስለተዘጉ ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ፈጽሞ ሌላ ነው። የሚለየው ደሙ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው።

አቅጣጫውን ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል?

ይቻላል፤ ሐኪሙም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቆዳችን ጠቆር ስለሚል በአምፖል ብርሃን ላይታይ ይችላል። በር አጠገብ ቁሙ፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ሥሩ ጎልቶ ይወጣል። ከእምብርት በታች ያለ ቀጥ ያለ፣ ቅርንጫፍ የሌለው ሥር ምረጡ። ሁለቱን ሌባ ጣቶቻችሁን አጠጋግታችሁ ሥሩ ላይ ጫን አድርጉ። ጣቶቻችሁን ሳታነሱ አንዱን ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ጎትቱ፤ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራራቁ። በመሐል ያለው ሥር ባዶ ይሆንና ይተኛል። አሁን የላይኛውን ጣት ብቻ አንሱ። ወዲያው ሞላ? ደሙ ከላይ ወደ ታች እየሄደ ነው። አልሞላም? እንደገና ባዶ አድርጉትና የታችኛውን ጣት አንሱ። የትኛው ጣት ሲነሳ ፈጥኖ እንደሞላ ነው የምታዩት።

የጉበት ግፊት ከሆነ ደሙ ሁልጊዜ ከእምብርት ይሸሻል፦ ከእምብርት በላይ ያለው ወደ ላይ፣ ከእምብርት በታች ያለው ወደ ታች። የታችኛው ትልቁ ሥር ተዘግቶ ከሆነ ግን ከእምብርት በታች ያለውም ደም ወደ ላይ ይሄዳል፣ ሥሮቹም ከመሐል ይልቅ በጎንና በጎን ይበዛሉ፣ ሁለቱም እግሮች ያብጣሉ። የላይኛው ከተዘጋ ደግሞ ሁሉም ወደ ታች ይወርዳል፤ ፊትና አንገት ያብጣል፣ ደረት ላይም ሥር ይወጣል። ከእምብርት በታች ያለውን ምረጡ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ከላይ ያለው በጉበትም ሆነ በታችኛው ሥር መዘጋት ወደ ላይ ስለሚሄድ ምንም አይነግራችሁም።

ይህን ያደረጋችሁት ለሐኪሙ ለመንገር እንጂ "አወቅሁት" ብላችሁ ቤት ለመቅረት አይደለም፣ እሺ?

ሐኪሙ እምብርቴ ላይ ማዳመጫ አድርጎ ሲያዳምጥ ቆየ። ምን ፈልጎ ነው?

ደሙ በተከፈተው ሥር በብዛት ሲያልፍ የማያቋርጥ የጉምጉምታ ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ድምፁ ካለ የጉበት ግፊት መኖሩን ያጠናክራል። ከሌለ ደግሞ የለም ማለት አይደለም።

ሥሩ ሊፈነዳ ይችላል? ልጄ ሆዴ ላይ ሲዘል እፈራለሁ

የሆድ ቆዳ ሥር ደማ የሚባለው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ቢደማ ግን አትናቁት፤ ጋደም በሉ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙና ሳትለቁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ልጅን በተመለከተ፦ ሆድ ላይ መዝለሉ ሥሩን ባያፈነዳ እንኳ ያበጠ ጣፊያ ካለባችሁ ጥሩ አይደለም። ጣፊያ በምት ሊተረተር ይችላል። ስለዚህ እቀፉት፣ ግን አይዝለል።

ታዲያ ዋናው አደጋ የት ነው?

የምግብ ቧንቧ የታችኛው ጫፍ ላይ። ደሙ መሹለኪያ ሲፈልግ በእምብርት ብቻ አይወጣም፤ ጨጓራና የምግብ ቧንቧ በሚገናኙበት ቦታ ያሉትን ሥሮችም ያሰፋል። እነዚህ ሥሮች በስስ ሽፋን ሥር ነው ያሉት። ግፊቱ ሲበዛ ይቀደዳሉ፤ ሰውየው ደም ያስታውካል፣ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ጥቁርና የሚያጣብቅ ይሆናል። ሲደሙ በዘመናዊ ሕክምና እንኳ ከ100 ሰው ከ10 እስከ 20 የሚሆነው በ6 ሳምንት ውስጥ ይሞታል። ሳይደሙ መድረስ ነው ቁም ነገሩ።

አንዳንድ ሰው "ሆዴ ላይ ከወጣልኝ ውስጤ ተንፍሷል፣ ደረቴ ላይ ያለው አይደማም" ይላል። ይህን ቃል በቃል ሰምቻለሁ። እምብርት በኩል መንገድ መከፈቱ የምግብ ቧንቧውን አያድንም፤ ሁለቱም አብረው ሊያብጡ ይችላሉ። የሚያውቀው ኢንዶስኮፒ ብቻ ነው። በአፍ የሚገባ ካሜራ ነው። ደስ አይልም፤ ግን ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፣ ጉሮሮም ይደነዝዛል። ያበጠ ሥር ከተገኘ ሁለት ነገር ይደረጋል። አንዱ ፕሮፕራኖሎል ወይም ካርቬዲሎል የሚባል ኪኒን ነው፤ የልብ ምትን ቀንሶ ወደ ፖርታል ቬን የሚገባውን ደም ያሳንሳል። ፕሮፕራኖሎል ሲጀመር ሐኪሙ ምቱን በደቂቃ ከ55 እስከ 60 አካባቢ ለማድረስ ይሞክራል። አስም ካለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ለአስም አይሆንም። ሁለተኛው በኢንዶስኮፒ ሥሩን በትንሽ ላስቲክ ማሰር ነው። አንድ ጊዜ ታስሮ አያበቃም፤ ሥሮቹ እስኪጠፉ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይደገማል፣ ከዚያም እየተጠራ ይታያል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጠፋው። መጀመሪያ ታሰረለት፣ ተሻለው፣ አገሩ ገባ፣ ቀጠሮውን ረሳ፣ በዓመቱ ደም እያስታወከ ተመለሰ። ኪኒኑንም ሲሻላችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ በድንገት ሲቆም የመድማት አደጋው ተመልሶ ይመጣል።

ቤት ውስጥ ደም ቢያስታውክስ?

ምንም አታጠጡት። ወተትም፣ ተልባም፣ ጸበልም ቢሆን በዚያች ሰዓት አይሆንም፤ ሆዱ ይሞላና እንደገና ያስታውካል፣ ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል። በግራ ጎኑ አስተኙት። በባጃጅም ቢሆን፣ በጎረቤት መኪናም ቢሆን፣ ወዲያው አንቀሳቅሱት። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሩቅ ከሆናችሁ በመንገድ ላይ ያለው ሆስፒታል ጋ ቆማችሁ በሥር ፈሳሽ ጀምራችሁ ቀጥሉ። ደም የሚሰጥ ዘመድ አብሮ ይሂድ። ሆስፒታል ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ "የጉበት ሕመምተኛ ነው፣ ደም አስታወከ" ይሁን፤ ሐኪሙ ከኢንዶስኮፒው በፊት ግፊቱን የሚቀንስ መርፌና አንቲባዮቲክ ይጀምራል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ ቢሆንም "ቆሟል" ብላችሁ አትቅሩ። ይቆምና በሌሊት ይመለሳል።

መጠጥ አልቀምስም። ታዲያ ከየት መጣብኝ?

ይህ ጥያቄ ውስጡ ንዴት አለበት፣ ንዴቱም ይገባኛል። ጉበት ሲባል መጠጥ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ በሽተኛው ሕመሙ ላይ ሐሜት ይጨመርበታል። በእኛ አካባቢ ግን ጎላ ብለው የሚጠቀሱት ምክንያቶች ሌሎች ናቸው።

የመጀመሪያው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ፣ በምላጭ፣ ባልተቀቀለ መርፌ፣ በግብረ ሥጋ ይተላለፋል፤ ዓመታት ዝም ብሎ ቆይቶ ጉበትን በጠባሳ ይሞላዋል። አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ ጉርሻም አይከለከልም። የወፍ በሽታ ሲባል የሌሊት ወፍ ስለነካው ነው የሚል እምነት አለ፤ አይደለም። ለሕፃናት ክትባቱ በመደበኛው ፕሮግራም የገባው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ ብዙዎቻችሁ አልተከተባችሁም። ሄፓታይተስ ሲም አለ፤ እሱ ደግሞ በ12 ሳምንት ገደማ ኪኒን ይድናል።

ሁለተኛው ቢልሃርዚያ ነው፤ ከወንዝና ከሐይቅ ውሃ በቆዳ የሚገባ ትል ነው፤ ይህኛው በደንብ ይሰማ። በጣና ዳር፣ ጎርጎራ አካባቢ፣ ወደ ቆላው ደግሞ ሳንጃ ላይ በጥናት በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ትሉ የሚኖረው አንጀት ዙሪያ ባሉ ሥሮች ውስጥ ነው። እንቁላሉ በደም ተገፍቶ ጉበት ውስጥ ይወተፋል፤ በፖርታል ቬን ቅርንጫፎች ዙሪያ ጠባሳ ይሠራል። የጉበት ሥጋው ግን ለረጅም ጊዜ ደህና ይሆናል። ለዚህ ነው ዓይኑ ቢጫ ያልሆነ፣ ሆዱ ውሃ ያልቋጠረ፣ ትናንት ሲያርስ የዋለ ጎረምሳ ድንገት ደም የሚያስታውከው። ወንዝ ውስጥ የዋኛችሁ፣ ሩዝ ማሳ ውስጥ የምትውሉ፣ ዓሣ የምታጠምዱ ይህን ለሐኪሙ ንገሩ፣ ካልነገራችሁት ላይጠይቃችሁ ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በኪሎ ተሰልቶ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ይዋጣል። ትሉን ይገድላል፤ ያረጀውን ጠባሳ ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም።

እግረ መንገዴን፦ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋለው የእኛው ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ። ኩራት ነው። ግን እንዶድ ቀንድ አውጣ ገደለ ማለት ለእናንተ ይጠጣል ማለት አይደለም! መርዝ ነው።

መጠጥስ? አዎ፣ መጠጥም ያደርጋል። አረቄም፣ ቢራም፣ "ጠላ እኮ ምግብ ነው" የምትሉትም። ከስኳር በሽታና ከውፍረት ጋር የሚመጣው የጉበት ስብም እየተለመደ ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተሠራ ጥናት ጫትንም ሥር ከሰደደ የጉበት ሕመም ጋር አያይዞታል። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ደግሞ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ሰው ሆዱ እያበጠ ያለቀበት በሽታ ከእህል ጋር የተቀላቀለ የአረም ዘር ያመጣው መሆኑ ተደርሶበታል። ስለዚህ እህሉን ሰፌድ ላይ አበጥሩት፤ እናቶቻችን በከንቱ አይደለም የሚደክሙት።

ከመተማ ነው የመጣሁት። ጣፊያህ አብጧል አሉኝ፤ ሆዴ ላይ ግን ሥር የለም

አንተ ዘንድ መጀመሪያ የሚታሰበው ሌላ ነው። መተማና ሁመራ ለአጨዳ ወርዶ ትኩሳት፣ ክሳትና ትልቅ ጣፊያ ይዞ የመጣ ሰው ካላ አዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) መመርመር አለበት። ወባም ጣፊያ ያሳብጣል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለካላ አዛር የተለየ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው፤ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግህም። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ዛሬ ሂድ።

የ7 ዓመት ልጄ ደም አስታወከ። ሆዱ ላይ ምንም አይታይም። እንዴት ጉበት ይሆናል?

ልጆች ላይ ጉበቱ ደህና ሆኖ ፖርታል ቬኑ ራሱ በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላል። አንዱ መነሻ ገና በአራስነት የእትብት ቁስል መመረዝ ነው፤ እትብት ላይ ቅቤ ወይም ሌላ ነገር አትቀቡ የሚባለውም ለዚህ ጭምር ነው። መዘጋቱ ከጉበት በፊት ስለሆነ ወደ እምብርት የሚሄዱት ሥሮች ደም አያገኙም፤ ስለዚህ ሆድ ላይ ሥር አይወጣም። ጣፊያው ግን ያብጣል። ሆዱ ላይ አለመታየቱ አያጽናናሽ፤ ልጁ አልትራሳውንድና ኢንዶስኮፒ ያስፈልገዋል።

አያቴ "ይበጣ፣ ዋግምት ይደረግበት" ይላሉ

አያትሽን አክብሪ፣ ምላጩን ግን አርቂ። እዚያ ሥር ውስጥ ያለው ደም ግፊት አለው፣ የጉበት ሕመምተኛ ደም ደግሞ ቶሎ አይረጋም። ፕላትሌቱ ዝቅ ያለ ሰው ሆዱ ላይ ተበጥቶ ደሙ አልቆም ያለበት ይመጣል። በዚያ ላይ ምላጩ ሄፓታይተስን ወደ ቀጣዩ ሰው ይዞ ይሄዳል። ኪንታሮት ነው ተብሎ በባህል ሐኪም የሚቆረጠውም እንዲሁ ነው፤ የጉበት ግፊት ፊንጢጣ አካባቢ ያሉ ሥሮችንም ያሳብጣል፣ ኪንታሮት ይመስላል፣ ሲቆረጥ ግን ደሙ በቀላሉ አይቆምም።

ስለ ሥራ ሥርና ቅጠል ደግሞ፦ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ለደከመ ጉበት አይሰጥም። ጸበል ግን ሌላ ነው፤ በእምነታችሁ የምትጠመቁትን ማንም አይከለክላችሁም። ሁለት ነገር ብቻ፦ ኪኒናችሁን እያቋረጣችሁ አይሁን፣ እና በጆግ እየጠጡ ማስመለሱ ይቅርባችሁ፤ ያበጠ የምግብ ቧንቧ ሥር ያለበት ሰው በኃይል ማስታወክ የለበትም። ንስሐ አባታችሁን ብትጠይቁ ይህን ይረዷችኋል።

መጾም እችላለሁ?

ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ ለጉበት ሕመምተኛ መጥፎ አይደሉም፤ እንዲያውም የእህል ፕሮቲን ጥሩ ነው። ችግሩ ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል። ሲሮሲስ ያለበት፣ ማለትም ጉበቱ በጠባሳ የደነደነ ሰው ረጅም ሰዓት ሳይበላ ሲቆይ ሰውነቱ የራሱን ጡንቻ መብላት ይጀምራል፤ ክንዱ እየቀጠነ ሆዱ የሚገፋው አንዱ በዚህ ነው። ትንሽ ትንሽ ደጋግሞ መብላት፣ ከመተኛት በፊትም መቅመስ ይሻለዋል። 55 ቀን የዐቢይ ጾም ሲመጣ ይህን ከሐኪምም ከካህንም ጋር ተነጋገሩ፤ ለረመዳንም እንዲሁ። ሁለተኛው ጨው ነው። ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው በቀን ከ5 ግራም በላይ ጨው አያስፈልገውም፤ አንድ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው፣ እሱም ከሁሉም ምግብ ተደምሮ። ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ በርበሬው ላይ አለ፣ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል። ለበሽተኛው ለብቻ በትንሽ ድስት ሥሩለት። ያኮርፋል። ይለምደዋል።

ሆዴ ውሃ ቋጥሮ እምብርቴም ወጥቷል

ውሃው ሲገፋ እምብርት ይወጣል፤ የተለመደ ነው። ቆዳው ከሳሳ፣ ከጠቆረ፣ ከቆሰለ ወይም ውሃ ካንጠባጠበ ግን ድንገተኛ ነው። እብጠቱ ደንድኖ አልመለስ ካለና ካመማችሁም እንደዚያው። በራሳችሁ ሳንቲም አስቀምጣችሁ በመቀነት አትሰሩት። ከውሃው ጋር ትኩሳት ወይም የሆድ ቁርጠት ከመጣ ውሃው ተመርዞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሂዱ፤ በመርፌ ጥቂት ተቀድቶ ይመረመራል።

አባቴ ቀን ተኝተው ይውላሉ፣ ሌሊት ያወራሉ። ሰው "ዛር ነው" ይላል

ከጉበት ነው የሚሆነው። ደሙ ጉበትን ዘሎ በመሹለኪያው ሲሄድ ጉበት ሊያጣራው የሚገባ መርዝ አንጎል ይደርሳል። እምብርት በኩል ያለው ሥር በጣም ከሰፋ ይህ ሊብስ ይችላል፤ ጉበታቸው ብዙም ያልደከመ ሰዎች ላይ ጭምር። እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው መኪና እንደሚያስቆም ሰው መዳፋቸውን ቀጥ አድርገው እንዲያቆሙ ንገሪያቸው፤ እጃቸው እየወደቀ እየተመለሰ የሚርገበገብ ከሆነ ምልክቱ ነው። የሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን፣ መድማት፣ የእንቅልፍ ኪኒን ያባብሱታል። ላክቱሎስ የሚባል ሽሮፕ አለ፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ እስኪኖር ይወሰዳል። እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ብለሽ ከፋርማሲ ማስተኛ አትግዢላቸው።

ሕክምና ስጀምር ሥሩ ይጠፋል?

ብዙ ጊዜ አይጠፋም፣ እሱን ለማጥፋትም አንታከምም። ግፊቱ በጣም ከወረደ፣ ለምሳሌ ከጉበት ንቅለ ተከላ በኋላ፣ ሊተኛ ይችላል። ፕሮፕራኖሎል እየወሰዳችሁ ሥሩ እንዳለ ቢሆን "መድኃኒቱ አልሠራም" አትበሉ። መነሻው ሲታከም፣ ሄፓታይተስ ቢ በኪኒን ሲያዝ ወይም መጠጥ ሲቆም፣ ጠባሳው ራሱ በተወሰነ ደረጃ ሊመለስ ይችላል፤ ዓመታት ይፈጃል።

ለራስ ምታትና ለጉልበት ሕመም ምን ልውሰድ?

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይሆኑም። መድማት ያመጣሉ፣ ኩላሊትም ይጎዳሉ። መርፌ ውጉኝ ብላችሁ ክሊኒክ ስትገቡም ብዙ ጊዜ የምትወጉት ዳይክሎፌናክ ነው፤ ስሙን ጠይቁ። ፓራሲታሞል በቀን ከ2 ግራም ሳያልፍ፣ ማለትም ባለ 500ው ከ4 ፍሬ ሳይበልጥ፣ ይሻላል።

ሆስፒታል ስሄድ ምን ልያዝ?

የጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ፣ ደብተሩንም ይዛችሁ ሂዱ፤ አለበለዚያ ከካርድ ክፍል ትመለሳላችሁ። የድሮ የአልትራሳውንድ ወረቀት፣ የደም ውጤት፣ የምትውጡት ኪኒን ባዶ እሽግ ሁሉ ይጠቅማል። ኢንዶስኮፒ ሊኖር ስለሚችል ከሌሊት ጀምሮ ሳትበሉ ሂዱ፣ ቁርሱን በፌስታል ያዙ። የትዳር ጓደኛና ልጆች ለሄፓታይተስ ቢ እንዲመረመሩ አብራችሁ ውሰዷቸው፤ ነጻ የሆነው ይከተባል። ሐኪሙም ሆድን ብቻ አይቶ ወረቀት ሲጽፍ "የምግብ ቧንቧዬ መቼ ነው የሚታየው?" ብላችሁ ጠይቁት።